ቁልፍ ተጭኖ ሙዚቃ መጠበቅ፦ የሶኖስ አፕ ጉዳይ

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 29 ቀን 2016 ዓ.ም.፤ በፈረንጆቹ ሜይ 7 ቀን 2024። እኛ ዘንድ ፋሲካ ከዋለ ሁለተኛ ቀኑ ነበር፣ ዶሮው ገና አላለቀም። በዚያ ቀን መቀመጫው ካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ባርባራ የሆነው ሶኖስ፣ የቤት ስፒከሮቹ የሚታዘዙበትን የስልክ አፕ ከመሠረቱ አፍርሶ ሠርቶ ለደንበኞቹ በሙሉ ለቀቀ። ስልኩ አፖቹን በራሱ እንዲያድስ የተወ ሰው፣ ማንም ሳይጠይቀው አሮጌው ሄዶ አዲሱ ተተክቶ አገኘው። ወጥ ቤት ገብቶ ሬዲዮ ሊከፍት ስልኩን ሲያነሣ፣ ትናንት ከነበሩት ስፒከሮች አንዱ አለ፣ ሁለቱ የሉም። ድምፅ ሊቀንስ ጣቱን ሲያንሸራትት ለጥቂት ሰከንድ ምንም የለም፤ ደግሞ ሲያንሸራትት ሁለቱም ትእዛዝ አንድ ላይ ይደርስና ቤቱ ጸጥ ይላል። ስፒከሩ አልተበላሸም። ዋይፋዩም እንደ ወትሮው ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባሉት ስምንት ወራት ድርጅቱ ዋና ሥራ አስፈጻሚውን አጣ፣ ሁለት አዳዲስ ምርቶቹን ለማዘግየት ተገደደ፣ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ለጥገና አወጣ። አንድም ስፒከር አልተቃጠለም፣ አንድም ገመድ አልተቆረጠም። የተለወጠው ከስልክ ወደ ስፒከር የሚሄደው ትእዛዝ የሚጓዝበት መንገድ ብቻ ነው።

ከአፑ በፊት የነበረው

ሶኖስ የተመሠረተው በ2002 ሲሆን ከአራቱ መሥራቾች አንዱ ጆን ማክፋርሌን ነው። በዚያን ዘመን ሙዚቃ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል፣ ጥሩው ስፒከር ግን ሳሎን ነው ያለው። ሁለቱን ለማገናኘት ወይ ረጅም ገመድ መዘርጋት ወይ ሲዲ መገልበጥ ግድ ነበር። የድርጅቱ የመጀመሪያ ምርት በጃንዋሪ 2005 ገበያ ላይ ሲወጣ፣ ዚፒ100 የሚባሉ ሁለት ማጫወቻ ሣጥኖችና ሲአር100 የሚባል አንድ የእጅ መቆጣጠሪያ በአንድ ጥቅል 1,199 ዶላር ይሸጡ ነበር። ርካሽ አይደለም። ገዢዎቹ ግን ለምን እንደከፈሉ ያውቁ ነበር።

መቆጣጠሪያው ላይ ትንሽ ቆም ማለት ይገባል። ባለ ቀለም ስክሪን ነበረው፤ በአይፖድ ላይ እንደለመድነው ዓይነት የሚሽከረከር ክብ ነበረው፤ ድምፅ ለመጨመርና ለመቀነስ፣ ጭራሹንም ለማጥፋት ለየብቻ የተቀመጡ ቁልፎች ነበሩት። አይፎን ለመውጣት ገና ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ይቀረው ነበር። ቤት ውስጥ ያለ ማንም ሰው፣ ልጅም ሆነ አያት፣ ከጠረጴዛው አንሥቶ ክፍሉን መርጦ ዘፈኑን መክፈት ይችል ነበር። የግል ስልክ አልነበረምና የይለፍ ቃል የሚባል ነገር አልመጣም፤ ባለቤቱ ወደ ሥራ ሲሄድ ይዞት የሚሄድ ዕቃም አልነበረም።

ውስጡ ደግሞ ሶኖስኔት ያሉት የራሳቸው የገመድ አልባ መረብ ነበር። አንዱ ሣጥን በገመድ ራውተሩ ላይ ይሰካል፤ ሌሎቹ ድምፁን ከእሱና እርስ በርሳቸው እየተቀባበሉ ያደርሳሉ። ሳሎኑና ወጥ ቤቱ አንድ ዘፈን እኩል የሚዘፍኑት ሣጥኖቹ ሰዓታቸውን እያስተካከሉ ስለሚሄዱ ነው። ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። ሁለት ስፒከር በጥቂት የሰከንድ ስንጥቅ ቢለያዩ ኮሪደር ላይ የቆመ ሰው የገደል ማሚቶ የሚሰማ ይመስለዋል። ሶኖስ ስሙን የተከለው በዚህ ነው፦ ሳይቆራረጥ፣ ሳይዘገይ፣ ሁሉም ክፍል እኩል።

በዚህ አሠራር ትእዛዙ ከቤት አይወጣም ነበር። መቆጣጠሪያው ለስፒከሩ በቀጥታ ይነግረዋል፤ ስፒከሩ ይፈጽማል። ዘፈኑ በራስ ኮምፒውተር ውስጥ ከተቀመጠ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ሙዚቃው ይቀጥላል።

በ2008 ለአይፎን ነጻ አፕ መጣ። ሁሉም ወደደው፣ እኔም ያኔ ተጠቃሚ ብሆን ኖሮ እወደው ነበር፤ ውድ መቆጣጠሪያ መግዛት ቀረ ማለት ነው። እያደር ስልኩ መቆጣጠሪያውን ተካው፣ ድርጅቱም በ2018 ለሲአር100 የሚሰጠውን ድጋፍ አቆመ። ለ2024ቱ ጣጣ የመጀመሪያው ዘር የተዘራው እዚህ ይመስለኛል። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ቁልፍ አንድ ሌሊት አድሮ ቦታውን አይቀይርም። ስልክ ላይ ያለ ቁልፍ ግን የሠራው ሰው በፈለገ ጊዜ ሊነሣ ይችላል፤ ባለቤቱ ተኝቶ ሳለም።

ሁለተኛው ዘር የ2020 ነው። በዚያ ዓመት ጃንዋሪ ላይ ድርጅቱ የመጀመሪያ ትውልድ ዕቃዎቹ ከሜይ ጀምሮ አዲስ ሶፍትዌር እንደማያገኙ፣ አሮጌና አዲስ ቀላቅሎ የሚጠቀም ቤትም ጠቅላላ ሥርዓቱ ባለበት እንደሚቆም አስታወቀ። ቁጣው ከባድ ነበር። ከ2017 ጀምሮ ድርጅቱን ይመራ የነበረው ፓትሪክ ስፔንስ በቀናት ውስጥ ይቅርታ ጠየቀና መፍትሔው ሥርዓቱን ለሁለት መክፈል ሆነ፦ አሮጌዎቹ ኤስ1 በሚባለው አፕ ይቀራሉ፣ አዲሶቹ ኤስ2 ወደሚባለው ይሻገራሉ። ይህን ኤስ1 ልብ ይሏል፣ እንመለስበታለን።

የቆጡ ሄድፎን

ታዲያ የሚሠራ አፕ ለምን ይፈርሳል? ድርጅቱ የሰጠው ምክንያት ሐሰት አልነበረም። አሮጌው አፕ ዕድሜው ገፍቷል፤ አዲስ ነገር በተጨመረበት ቁጥር እየከበደ ነበር። ሌላም ነገር ነበር። ሶኖስ የመጀመሪያውን ሄድፎን፣ ሲወጣ ዋጋው 449 ዶላር የነበረውን ኤይስን (Ace) ሊያወጣ እየተዘጋጀ ነበር። አሮጌው አፕ የተሠራው መደርደሪያ ላይ ለሚቀመጥ፣ ከቤት ዋይፋይ ለማይለይ ዕቃ ነው። ሄድፎን ግን በብሉቱዝ ይሠራል፣ ባለቤቱ ጆሮ ላይ ሆኖ ከቤት ይወጣል። አፑ በሜይ 7 ወጣ፤ ሄድፎኑ በሜይ 21 ተዋወቀ፤ ጁን 5 ላይ መሸጥ ጀመረ። ቀኖቹን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው የትኛው የትኛውን እየጎተተ እንደነበር ለማየት ብዙ አይቸገርም። ሠራተኞች ከመውጣቱ በፊት አልደረሰም ብለው አስጠንቅቀው እንደነበርም የአሜሪካ መገናኛ ብዙኃን በኋላ ዘግበዋል።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እዚህ ላይ ሳይጨመር ሳይቀነስ ይሠራል። የብብቱ በዓለም ዙሪያ ከ15 ሚሊዮን በላይ ቤት ነበር።

ምን ጎደለ

የጎደለውን ስንመለከት ሁለት ነገር መለየት አለብን። አንደኛው ሳይሠራ የቀረ ነው፤ ሁለተኛው ተሠርቶ በደንብ የማይሠራ።

ሳይሠሩ የቀሩት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይታወቁ ነበር። ማንቂያ ማስተካከል አይቻልም። ተኝቼ ሳለሁ ሙዚቃው በራሱ ይጥፋ የሚል ሰዓት መሙላት የለም። ቀጥለው የሚጫወቱትን ዘፈኖች መደርደርና ማስተካከል የለም። በራስ ኮምፒውተር ውስጥ ያሉ ዘፈኖችን መፈለግ የለም። እነዚህን አንድ ላይ ያየ ንድፍ አውጪ ‹ጥቂት ሰው ነው የሚጠቀምባቸው› ብሎ ይሆናል። በቁጥር ምናልባት ልክ ነው። ነገር ግን በየማታው ልጁን በሙዚቃ የሚያስተኛ ወላጅ ያችን አንዲት ሰዓት ነው የሚያውቃት፣ ለእሱ ጠቅላላ ዕቃው እሷ ናት። በየንጋቱ በሬዲዮ የሚነቃ ሰው ደግሞ አፑን ለወራት አይከፍተውም ይሆናል፤ የሚከፍተው ማንቂያው ያልጮኸ ዕለት ነው።

የራስ ዘፈን ፍለጋው በተለይ ውጭ አገር የሚኖር ሐበሻ በደንብ የሚገባው ነው። ብዙው የድሮ ሙዚቃችን በካሴት የወጣ ነው፤ ሁሉም ወደ ስፖቲፋይ አልገባም። አባቱ ሣጥን ውስጥ ያቆዩትን ካሴት ወደ ኮምፒውተር ያስገለበጠ ሰው፣ ዘፈኖቹ በወርሃዊ ክፍያ የሚመጡ ስላልሆኑ በአዲሱ አፕ ዓይን ዳር ላይ የቀሩ ነበሩ። የሶኖስ ነባር ደንበኞች፣ በ2005 ያን ሁሉ ገንዘብ የከፈሉት፣ በአብዛኛው እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው፦ የራሳቸው ስብስብ ያላቸው። በመጀመሪያ የተጎዱት በመጀመሪያ ያመኑት ሆኑ።

ከሁሉ የከፋው ግን የአይነ ስውራን ነገር ነው። አይፎን በስክሪኑ ላይ ያለውን ጮክ ብሎ የሚያነብ ቮይስኦቨር የሚባል ነገር አለው። አሮጌው አፕ ከእሱ ጋር ተግባብቶ ይሠራ ነበር። አዲሱ ሲወጣ ለቮይስኦቨር ተጠቃሚ እጅግ አስቸጋሪ ሆነ፤ ድርጅቱም ይህንኑ አምኖ ማስተካከያውን በሚቀጥሉት ሳምንታት ሥራ ውስጥ አስገባ። ሙዚቃ ለመስማት ዓይን አያስፈልግም። አይነ ስውር ሰው እንደማንም እኩል ሊደሰትበት የሚችል ዕቃ በአንድ አፕዴት ከእጁ ወጣ፤ ስፒከሩ ግን ፊት ለፊቱ ተቀምጧል፣ የተከፈለበትም ነው።

በዚያው ሰሞን የድርጅቱ የምርት ኃላፊ ዋና ምርትን ከመሠረቱ እንደገና መሥራት ድፍረት ይጠይቃል ብሎ መለሰ። ድፍረቱስ ድፍረት ነው። የተደፈረው የማን ሳሎን እንደሆነ ነው ጥያቄው።

መንገዱ ተቀየረ

ማንቂያውም የመኝታ ሰዓቱም በሚቀጥሉት ሳምንታት አንድ በአንድ ተመለሱ። ሁለተኛው ዓይነት ችግር ግን አልተመለሰም፤ ስፒከር መጥፋቱ፣ ትእዛዝ መዘግየቱ። ለምን የሚለው ትንሽ ቴክኒክ ይፈልጋል።

ስልክና ስፒከር ከመነጋገራቸው በፊት መተዋወቅ አለባቸው። አሮጌው አፕ ዩፒኤንፒ በሚባለው የቆየ አሠራር በቤቱ መረብ ውስጥ ‹ሶኖስ የሆነ አለ ወይ?› ብሎ ይጣራል፣ ስፒከሮቹ አለን ይላሉ፣ ከዚያ በኋላ በቀጥታ ያዛቸዋል። አዲሱ አፕ መጣሪያውን ኤምዲኤንኤስ ወደሚባል ሌላ አሠራር ቀየረ። ይህ ዘመናዊ ነው፣ አፕልም ጎግልም ይጠቀሙበታል። ግን በብዙ ቤት ያለው መረብ በንድፍ መጽሐፍ ላይ እንዳለው አይደለም፦ የኢንተርኔት ድርጅቱ የሰጠው ራውተር አለ፣ ፎቅ ላይ ሌላ ማራዘሚያ ተጨምሯል፣ አንዱ ስፒከር በገመድ ነው፣ ሌላው በሶኖስኔት፣ ሦስተኛው በዋይፋይ። እንዲህ ባለ ቤት ጥሪው ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ሳይሻገር ይቀራል። አሮጌው አፕ ከዚህ ዓይነት ቤት ጋር ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ኖሯል፤ በየአቅጣጫው ስንት ጊዜ ተጠግኖ ተለምዷል። ያ ልምድ በኮዱ ውስጥ እንጂ በማንም ወረቀት ላይ አልነበረም። ኮዱ ሲጣል አብሮ ተጣለ።

ሁለተኛ፣ ትእዛዞቹ በቤት ውስጥ እያሉም በምስጢር ተቆልፈው እንዲላኩ ተደረገ። ለደኅንነት ጥሩ ነው፤ ከአሥር ዓመት በፊት ለተሠራ ደካማ ፕሮሰሰር ግን መቆለፍና መክፈቱ ጭነት ነው። ሦስተኛ፣ ከዚህ ቀደም ቤት ውስጥ የሚያልቅ ብዙ ነገር በድርጅቱ ሰርቨር በኩል ማለፍ ጀመረ። ከሶፋው እስከ መደርደሪያው ሦስት ሜትር ነው፤ የአንዳንዱ ትእዛዝ ጉዞ ግን ከቤት ወጥቶ፣ የመረጃ ማዕከል ደርሶ፣ ተመልሶ ሆነ። ጎረቤት ያለን ሰው ለመጥራት በስልክ ቤት በኩል እንደ መሄድ ነው።

ይህን ያጋለጠው የድርጅቱ መግለጫ አይደለም። የተናደዱ ደንበኞች ሌሎች የሠሯቸውን ትናንሽ አፖች መሞከር ጀመሩ፤ ሶኖፎን የሚባለው አንዱ ነው። እነዚህ አፖች በአሮጌው መንገድ ከስፒከሩ ጋር በቀጥታ ይነጋገራሉ። ብዙዎች እንደተናገሩት በዚያው ቤት፣ በዚያው ራውተር፣ በዚያው ስፒከር ድምፁ ወዲያው ይታዘዝ ነበር። ሐኪም ቢሆን ኖሮ ምርመራው እዚያ ላይ ያልቅ ነበር፦ በሽታው ስፒከሩም ዋይፋዩም ላይ አይደለም።

መመለሻ አልነበረም

አፕ ተበላሽቶ መውጣት አዲስ ነገር አይደለም። ይህን ጉዳይ ከሌላው የሚለየው መመለሻ አለመኖሩ ነው። የአንድሮይድ ስልክ ያለው ሰው የድሮውን አፕ ፋይል ፈልጎ በእጁ ጭኖ፣ አፕዴቱን ዘግቶ ለጥቂት ጊዜ ተገላገለ። አይፎን የያዘው ያም ዕድል የለውም። በኦገስት ላይ ድርጅቱ አሮጌውን አፕ መልሶ ለመልቀቅ አስቦ ነበር፤ ስፔንስ ራሱ ነው የተናገረው። ሞከሩት። ውጤቱ ግን በዚያው ወር ተነገረ፦ አይመለስም። ከሜይ ወዲህ የስልኩ አፕ ብቻ ሳይሆን በስፒከሮቹ ውስጥ ያለው ሶፍትዌርና ሰርቨሩም ስለተለወጡ፣ አሮጌውን መመለስ ችግሩን ያባብሰዋል።

በእኔ ግምት ዋናው ስሕተት ይህ ነው። ስሕተት ያለበት አፕ መልቀቅ የሚታረም ጥፋት ነው። ድልድዩን እያፈረሱ መሻገር ግን ሌላ ነው፤ አሮጌውና አዲሱ ለስድስት ወር ጎን ለጎን ቢሠሩ፣ ፈቃደኛው ቀድሞ ቢሞክር፣ ማንም ይህን ጽሑፍ የሚጽፍበት ምክንያት አይኖርም ነበር።

ሂሳቡ

ስፔንስ በጁላይ 25 ለደንበኞች በጻፈው ደብዳቤ ይቅርታ ጠየቀ፤ ከተለቀቀ ከሁለት ወር ተኩል በላይ አልፎ ነበር። በኦገስት መጀመሪያ ሁለት አዳዲስ ምርቶች መዘግየታቸውና ማስተካከያው ከ20 እስከ 30 ሚሊዮን ዶላር እንደሚፈጅ ተነገረ። ከሳምንት በኋላ ወደ 100 የሚጠጉ ሠራተኞች ተሰናበቱ፤ ያስጠነቀቁት ከመካከላቸው ነበሩ አልነበሩም የሚለውን አንባቢ ይገምት። የድርጅቱ ዓመታዊ ገቢ ከ1.66 ቢሊዮን ዶላር ወደ 1.52 ቢሊዮን ወረደ።

በኦክቶበር አዲስ የቃል ኪዳን ዝርዝር ወጣ። ጥራቱ ካልተሻሻለ አለቆቹ የዓመት ጉርሻቸውን አይወስዱም። በግድግዳ ሶኬት ለሚሠሩ ስፒከሮች ዋስትናው አንድ ዓመት ተራዘመ። ትልልቅ ለውጦች ከእንግዲህ ቀስ በቀስ፣ ደንበኛው እየለመደና አስተያየት እየሰጠ ይለቀቃሉ ተባለ። ሠራተኞች ስጋታቸውን የሚያቀርቡለት አንድ የጥራት እንባ ጠባቂም ይሾማል ተባለ። ቃሉ በእንግሊዝኛ (ኦምቡድስፐርሰን) ደረቅ ነው፤ በአማርኛ ‹እንባ ጠባቂ› ስንለው ግን ለዚህ ጉዳይ ልክክ ይላል።

ጃንዋሪ 13 ቀን 2025 ስፔንስ ከሥልጣኑ ወረደ። የምርት ኃላፊውም ወዲያው ተከተለው። የስፔንስን ቦታ በጊዜያዊነት የያዘው የቦርዱ አባል ቶም ኮንራድ፣ ቀድሞ ፓንዶራ የሚባለው የኢንተርኔት ሬዲዮ የቴክኖሎጂ ኃላፊ የነበረ ሰው ነው። በፌብሩዋሪ 200 ገደማ ሠራተኞች ተቀነሱ፤ በጁላይ ኮንራድ በቋሚነት ተሾመ። የመጀመሪያ ሥራው ያደረገው አፑን ማስተካከል ነው፤ ሥራው ቀስ በቀስ የሚሄድ፣ ማስታወቂያ የማይሠራበት ዓይነት ሥራ ነበር፤ የስፒከር ፍለጋውን ማፍጠን፣ የድምፅ ቁልፉን ማፍጠን።

ኤስ1 ላይ የቀሩት

አሁን ወደ ኤስ1 እንመለስ። በ2020 ዕቃችሁ አርጅቷል ተብለው ከሌላው ተለይተው የቀሩት ሰዎች በጊዜው በጣም ተቆጥተው ነበር፤ እውነታቸውን ነው። አዲስ ነገር አይመጣላችሁም፣ የደኅንነት ጥገና ብቻ ነው የምታገኙት ተባሉ። ከዚያ ማንም አልነካቸውም። በሜይ 2024 ኤስ2 ላይ ያለው ሁሉ ሲታመስ አፕዴቱ ወደ እነሱ አልደረሰም። ማንቂያቸው ጮኸ፣ የመኝታ ሰዓታቸው ሠራ፣ ድምፃቸው ወዲያው ታዘዘ። አንዳንድ የኤስ2 ደንበኞች አቅሙ ያላቸውን ስፒከሮች ወደ ኤስ1 ለመመለስ መንገድ መፈለግ ጀመሩ። አዲሶቹን፣ ውዶቹን ግን ኤስ1 አይቀበላቸውም። በ2005 የተገዛው ዚፒ100 ሣጥን ያልተጣለበት ቤት ግን ዘፈኑን እየዘፈነ ነበር።